ሸጦ መመለስ፦ የሚውችዋል ፈንድ የቶሎ ቶሎ ግብይት ገደብ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

  

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ እዚህ አሜሪካ ሠርተን ለጡረታና ለልጆቻችን የምናጠራቅመውን ገንዘብ ይመለከታል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በብሮከሬጅ አካውንታችሁ ውስጥ ያለውን ሚውችዋል ፈንድ ሸጣችሁ ታውቃላችሁ? ሸጣችሁስ፣ በሳምንቱ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ያንኑ ፈንድ ልትገዙ ስትሉ «አይቻልም» የሚል መልእክት መጥቶባችሁ ያውቃል?

የመጣበት ሰው ይናደዳል። «ገንዘቡ የኔ፣ አካውንቱ የኔ፣ ከልካዩ ማን ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

ከወዲሁ አቋሜን ልንገራችሁ። እኔ ይህ ገደብ ለእኛ ለትንንሾቹ ቆጣቢዎች የቆመ ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ብዙ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ከሸጠ በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ ገደቡ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ አብረን እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመሠረቱ እንነሳ። ሚውችዋል ፈንድ ማለት ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ አንድ አስተዳዳሪ በዚያ ገንዘብ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን ወይም ቦንድ የሚገዛበት የጋራ ማስቀመጫ ነው። የ401ኬ የጡረታ ገንዘባችሁ ካለ፣ ባታውቁትም አብዛኛው ያለው እንዲህ ባለ ፈንድ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ገበያው ክፍት እስካለ ድረስ ዋጋው በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ሚውችዋል ፈንድ ግን ዋጋ የሚወጣለት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የኒው ዮርክ ገበያ ሲዘጋ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በእነሱ 4 ሰዓት ላይ፣ ፈንዱ ያለውን ንብረት ሁሉ ይደምራል፣ ዕዳውን ይቀንሳል፣ ለድርሻዎቹ ያካፍላል። ያ የቀኑ ዋጋ ነው።

ጠዋት ያዘዛችሁም፣ ከቀትር በኋላ ያዘዛችሁም፣ ሁላችሁም የምታገኙት ያንኑ አንድ ዋጋ ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ያዘዘ ደግሞ የሚቀጥለውን የሥራ ቀን ዋጋ ያገኛል። ይህ የአሜሪካ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤስ-ኢ-ሲ የሚባለው፣ በ1968 ያወጣው ደንብ ነው።

ልድገመው፤ የዛሬው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሚውችዋል ፈንድ ዋጋ የሚወጣለት በቀን አንድ ጊዜ ነው።

ታዲያ በቀን አንድ ጊዜ ዋጋ መውጣቱ ምን ጉዳት አለው?

(አጭር ጸጥታ)

በምሳሌ ልንገራችሁ። አሥር ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው ጤፍ ገዙና በአንድ ጎተራ አስቀመጡ እንበል። እያንዳንዳቸው የአንድ ኩንታል ድርሻ አላቸው። ኩንታሉ 10 ሺህ ብር ነው። አዲስ ሰው መግባት ቢፈልግ በጎተራው ደጃፍ በተጻፈው ዋጋ ከፍሎ ይገባል። ዋጋው የተጻፈው ግን ትናንት ነው።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ላይ ጤፍ 11 ሺህ ገባ። ደጃፉ ላይ ያለው ጽሑፍ አልተቀየረም፤ አሁንም 10 ሺህ ይላል። ከገበያ የመጣ አንድ ብልጥ ሰው ሮጦ 10 ሺህ ከፍሎ ገባ። አሁን ጎተራው ውስጥ ምን አለ? 110 ሺህ ብር የሚያወጣ ጤፍና የሰውዬው 10 ሺህ ጥሬ ብር፣ በድምሩ 120 ሺህ። ለአሥራ አንድ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 10,900 ብር ይደርሰዋል። ሰውዬው በማግስቱ ድርሻውን ሸጦ ሲወጣ 900 ብር ያህል አተረፈ።

ያ 900 ብር ከየት መጣ? ጤፍ አልዘራም፣ አላበራየም፣ አልነገደም። ከአሥሩ ጎረቤታሞች ከእያንዳንዳቸው 90 ብር ገደማ ወስዶ ነው የሄደው። እነሱም አላወቁም፤ ድርሻቸው ከ10 ሺህ ወደ 10,900 ከፍ ብሏልና ደስ ብሏቸዋል። 11 ሺህ መሆን እንደነበረበት የነገራቸው የለም።

በሚውችዋል ፈንድም የሆነው ይኸው ነው። የጃፓን አክሲዮኖችን የያዘ ፈንድ አስቡ። የቶኪዮ ገበያ የሚዘጋው እኛ እዚህ ሌሊት ተኝተን ሳለን ነው። ፈንዱ ግን ዋጋውን የሚያወጣው ኒው ዮርክ ሲዘጋ፣ ከ13 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ መሃል የኒው ዮርክ ገበያ በጣም ከፍ ቢል፣ ነገ ቶኪዮም ከፍ ብሎ የመክፈት ዕድሉ ሰፊ ነው። የፈንዱ ዋጋ ግን በሌሊቱ የቶኪዮ መዝጊያ ላይ ከተሰላ ያረጀ ዋጋ ነው። ይህንን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ገዝቶ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይሸጣል።

ሌላም ጉዳት አለ። ገንዘብ በገፍ ገብቶ በገፍ ሲወጣ፣ አስተዳዳሪው ለሚወጡት ሰዎች ለመክፈል አክሲዮን መሸጥ ይኖርበታል። በየሽያጩ ወጪ አለ። አትርፎ ከሸጠ ደግሞ ትርፉ በዓመቱ መጨረሻ በፈንዱ ውስጥ ለቀሩት ይከፋፈላል፤ ገንዘባቸው የጡረታ ባልሆነ ተራ አካውንት ውስጥ ላለ ሰዎች ግብሩም አብሮ ይመጣል። ሳይሸጡ፣ ሳይነኩ፣ ዝም ብለው ለተቀመጡት! ይህ ነገር ያንገበግበኛል። በወር መቶ፣ ሁለት መቶ ዶላር እያስቀመጠ ሃያ ዓመት ሊጠብቅ የተቀመጠ ሰው፣ ለሦስት ቀን ገብቶ የወጣውን ሰው ወጪ መሸከም የለበትም።

(ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ)

አሁን ወደ 2003 እንሂድ። ታሪኩ የተጀመረው በአንዲት ሴት የስልክ ጥሪ ነው። ኖሪን ሃሪንግተን ትባላለች። በዎል ስትሪት ለብዙ ዓመታት የሠራች ባለሙያ ነበረች፤ ትልቅ ሀብት ባለው የስተርን ቤተሰብ የኢንቨስትመንት መሥሪያ ቤት ውስጥም ሠርታለች። እዚያ ሳለች ካነሪ ካፒታል ፓርትነርስ የሚባለው የኤድዋርድ ስተርን ሄጅ ፈንድ፣ ማለትም የሀብታሞች የግል የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ከሚውችዋል ፈንዶች ላይ እንዴት እንደሚያተርፍ አየች። ሥራውን ለቀቀች።

ከዚያ እኅቷ ስለ 401ኬ ገንዘቧ ጠየቀቻት። «ገንዘቡ ቀንሶ ጡረታ መውጣት የምችል አልመሰለኝም» አለቻት። ሃሪንግተን ያን ጊዜ ያየችው ትርፍ ከማን ኪስ እንደወጣ ፊት ለፊቷ መጣ። ወደ ኒው ዮርክ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ቢሮ ደወለች።

ጠቅላይ አቃቤ ሕጉ ኤልየት ስፒትዘር ነበሩ። መስከረም 3 ቀን 2003 በካነሪ ላይ የደረሱበትን ለሕዝብ አወጡ። ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ እነዚህን ሁለቱን ለይታችሁ ያዙልኝ።

አንደኛው ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ መግዛት ነው። ገበያው ከተዘጋ፣ የቀኑ ዋጋ ከታወቀ በኋላ፣ ማታ የወጣውን ዜና ሰምቶ በዚያው ቀን ዋጋ መግዛት። ይህ ፍጹም ሕገወጥ ነው።

ሁለተኛው ቅድም በጎተራው ያየነው ነው፤ ባረጀ ዋጋ ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት። ይህ በራሱ በሕግ የተከለከለ አልነበረም። ነገር ግን ፈንዶቹ ራሳቸው ለባለድርሻዎቻቸው በሚያቀርቡት ፕሮስፔክተስ ላይ «እንዲህ ያለውን ግብይት አንፈቅድም» ብለው ጽፈው ነበር። ጽፈው ሲያበቁ ለካነሪ ፈቀዱለት። ለምን ፈቀዱ? ካነሪ ትልቅ ገንዘብ ስለሚያመጣላቸው። አስተዳዳሪዎቹ የሚከፈላቸው በሚያስተዳድሩት ገንዘብ መጠን ነው፤ ገንዘቡ በበዛ ቁጥር ክፍያቸው ይበዛል።

በክሱ ውስጥ የባንክ ኦፍ አሜሪካ፣ የጃነስ፣ የባንክ ዋንና የስትሮንግ ፈንዶች ተጠቅሰዋል። ካነሪና ስተርን ጥፋቱን ሳያምኑም ሳይክዱም 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። የስትሮንግ ኩባንያ መሥራች ሪቻርድ ስትሮንግ ደግሞ በገዛ ኩባንያቸው ፈንዶች ላይ ራሳቸው ቶሎ ቶሎ ሲነግዱ ተገኙ። በ2004 ከኪሳቸው 60 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ ከዚህ ሙያም ዕድሜ ልካቸውን ታገዱ።

በዚያው ዘመን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ኤሪክ ዚትዘዊትዝ፣ በእንዲህ ያለው ግብይት የተነሳ ከረጅም ጊዜ ቆጣቢዎች የሚወጣውን ገንዘብ በዓመት ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ገምተውት ነበር። ይህ ሁሉ ከጥቂት ሀብታሞች የተወሰደ እንዳይመስላችሁ። ከመምህራን፣ ከነርሶች፣ ከፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከእያንዳንዳቸው በሳንቲም እየተቆነጠረ የተጠራቀመ ነው።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ «ገንዘቡ የኔ፣ ከልካዩ ማን ነው?» ላለው ሰው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ድርሻው የእርስዎ ነው፤ ጎተራው ግን የጋራ ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

ከዚያ ወዲህ ምን ተደረገ?

ኤስ-ኢ-ሲ በ2004 ያቀረበው ረቂቅ፣ ገዝቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሸጥ ሁሉ የ2 በመቶ ክፍያ በግዴታ እንዲጠየቅ የሚል ነበር። በ2005 የጸደቀው ደንብ ግን ግዴታውን ተወው። የየፈንዱ ቦርድ ራሱ አስቦ እንዲወስን አደረገ፤ ክፍያው ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። 10 ሺህ ዶላር የሸጠ ሰው ቢበዛ 200 ዶላር ይቀነስበታል ማለት ነው። ያ 200 ዶላር ለአስተዳዳሪው አይሄድም፤ እዚያው ፈንዱ ውስጥ ለቀሩት ባለድርሻዎች ይቀመጣል። ዛሬ ብዙ ፈንዶች በክፍያው ፋንታ ግዢን ለተወሰነ ጊዜ ማገድን መርጠዋል።

ደንቡ ሌላም ነገር አመጣ፤ በብሮከሬጅ በኩል ለምንገዛ ሰዎች ይህኛው ይበልጥ ይመለከተናል። ብሮከሬጁ የሺህ ደንበኞቹን ገንዘብ ሰብስቦ በአንድ ትልቅ አካውንት፣ በራሱ ስም ነው ወደ ፈንዱ የሚያስገባው። ፈንዱ የሚያየው የብሮከሬጁን ስም እንጂ የእናንተን አይደለም። በፊት ቶሎ ቶሎ የሚነግዱት የሚደበቁት በዚህ ነበር። አሁን ግን ፈንዱ ሲጠይቅ፣ ብሮከሬጁ የደንበኛውን የግብር መለያ ቁጥርና የገዛ የሸጠበትን ዝርዝር ማሳየት አለበት። ፈንዱ «ይህን ሰው አግድ» ካለም ያግዳል። ስለዚህ «ከዚህኛው ብሮከሬጅ ሸጬ በዚያኛው ብገዛስ?» ብላችሁ ካሰባችሁ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ አንድ መሆኑን አትርሱ።

አሁን ወደ ራሱ ገደቡ እንግባ። እዚህ ላይ ጆሮአችሁን ስጡኝ። ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎችን ለምሳሌ እወስዳለሁ፤ አንድ ነገር የሚያደርጉ ይመስላሉ፣ አሠራራቸው ግን ይለያያል።

ቫንጋርድ የሚያየው ሸጦ መመለስን ነው። ከአንድ ፈንድ ከሸጣችሁ፣ ወይም ወደ ሌላ ፈንድ ካዛወራችሁ፣ በዚያው አካውንት ያንኑ ፈንድ ለ30 ቀን መልሳችሁ መግዛት አትችሉም። አንድ ጊዜ መሸጥ ይበቃል። ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ዕድል የሚባል የለም።

ፊደሊቲ የሚያየው ደግሞ ገዝቶ መሸጥን ነው። ገዝታችሁ በ30 ቀን ውስጥ ከሸጣችሁ እንደ አንድ ዙር ይቆጠራል። በ90 ቀን ውስጥ በአንድ ፈንድ ሁለት ዙር ከሠራችሁ፣ ያንን ፈንድ ለ85 ቀን መግዛት አትችሉም። በአንድ ዓመት ውስጥ በፊደሊቲ ፈንዶች ሁሉ በድምሩ አራት ዙር ከደረሳችሁ ደግሞ፣ ቢያንስ ለ85 ቀን ከሁሉም ፈንዶቻቸው ግዢ ትታገዳላችሁ።

ልዩነቱ ገባችሁ? አንዱ የሚቆጥረው ከሸጣችሁበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ሌላው ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። አምስት ዓመት የቆየ ድርሻ ብትሸጡና በሳምንቱ ብትመለሱ፣ በቫንጋርድ ደንብ ትያዛላችሁ፤ በፊደሊቲ ደንብ ግን ያ ሽያጭ ዙር አይባልም። ሌሎችም ኩባንያዎች የየራሳቸው አሏቸው። ደንቦች ስለሚሻሻሉም የያዛችሁት ፈንድ ፕሮስፔክተስ ላይ ያለውን የዛሬውን ጽሑፍ ማየት ግድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሦስት ጊዜ ብናገረውም አይበዛም። የሚታገደው መግዛት ነው። መሸጥ አይታገድም። ገንዘባችሁ አይያዝም። በ1940ው የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ሕግ መሠረት ፈንዱ ድርሻችሁን ስትሸጡ በሰባት ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ በተግባር ከዚያ በፊት ይደርሳችኋል። «ብሎክ ተደረግኩ» ሲባል ሰምተው ገንዘባቸው የታሰረ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉና ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ይህ ገደብ በሕይወት ላይ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። አንዲት በሆስፒታል የምትሠራ እኅታችንን እናስብ። በአሜሪካ ታላላቅ 500 ኩባንያዎች ላይ የተመሠረተ የኢንዴክስ ፈንድ አላት። ጊዜው መጋቢት 2020 ነው፤ ኮሮና ዓለምን ያስደነገጠበት ወር። እሷ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ሆና በዓይኗ እያየችው ነው። የዚህ ገበያ መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከየካቲት ጣሪያው አንድ ሦስተኛ ያህል ወድቋል። መጋቢት 23 ቀን አላስቻላትም፤ የቀረውን 20 ሺህ ዶላር ሸጠች። ማን ይፈርድባታል?

ያ ቀን ግን ገበያው ከሁሉ ዝቅ ብሎ የዘጋበት ቀን ነበር። በማግስቱ ተነሳ። እኅታችን በሳምንቱ መለስ ብላ ልግዛ ብትል፣ ፈንዷ የ30 ቀን ገደብ ካለው፣ አይቻልም ትባላለች። ሠላሳው ቀን ሚያዝያ 22 ላይ ሲሞላ ገበያው 25 በመቶ ያህል ከፍ ብሏል። በ20 ሺህ የሸጠችውን ድርሻ ለመመለስ ወደ 25 ሺህ ዶላር ያስፈልጋታል።

ታዲያ ገደቡ ነው የጎዳት? በከፊል አዎን። ምን ማድረግ ትችል ነበር? እገዳው በዚያ አንድ ፈንድ ላይ እንጂ በገንዘቧ ላይ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ሌላ ተመሳሳይ ፈንድ መግዛት ትችል ነበር። ወይም ያንኑ የገበያ መለኪያ የሚከተል ኢ-ቲ-ኤፍ መግዛት ትችል ነበር። ኢ-ቲ-ኤፍ እንደ አክሲዮን ቀኑን ሙሉ በገበያ ላይ ይገዛል፣ ይሸጣል። የምትገዙት ከሌላ ሻጭ እንጂ ከጋራው ጎተራ ስላልሆነ፣ ቶሎ ቶሎ መግዛትና መሸጡ ሌሎቹን ባለድርሻዎች በዚያው መንገድ አይነካም። ፈንዶች በኢ-ቲ-ኤፍ ላይ ይህን ገደብ የማያደርጉት ለዚህ ነው።

ይህን አማራጭ ስልክ አንስቶ የሚነግራት አልነበረም። ድርጅቶቹን አጥብቄ የምወቅሰው በዚህ ነው። ሽያጩን ለማጽደቅ ቁልፉን ከመጫናችን በፊት፣ በግልጽ ቋንቋ፣ በትልቅ ፊደል «ከሸጡ እስከዚህ ቀን መመለስ አይችሉም» ብሎ መንገር ይገባል። በመቶ ገጽ ፕሮስፔክተስ መሃል መጻፉ ሕጉን ያሟላ ይሆናል፤ በሁለት ሥራ መሃል ስልኳን ከፍታ ለምትሸጥ እናት ግን ነገርኳት አይባልም።

(አጭር ጸጥታ)

«እኔስ በየወሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ ይገባል፤ ይህ እንደ ቶሎ ቶሎ ግብይት ይቆጠርብኛል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በተለምዶ አይቆጠርም። ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮ፣ መልሶ ድርሻ የሚገዛ ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ)፣ አስቀድማችሁ ቀን ቆርጣችሁ ያዘዛችሁት የወር ግዢ፣ በዕድሜ ምክንያት ከጡረታ አካውንት በግድ የሚወጣ ገንዘብ፣ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ከገደቡ ውጭ ናቸው። መኒ ማርኬት ፈንድም እንዲሁ፤ እሱ የተሠራው ገንዘብ እንዲገባና እንዲወጣ ነው። ቀስ ብሎ ለሚቆጥብ ሰው ገደቡ መኖሩም አይታወቀው።

አሁን ሰዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቷቸውን ሁለት ነገሮች ላንሳ።

የመጀመሪያው የብሮከሬጁ የራሱ ክፍያ ነው። ሽዋብና ፊደሊቲን የመሳሰሉ ብሮከሬጆች የሌሎች ኩባንያዎችን ፈንዶች ያለ መግዣ ክፍያ ይሸጣሉ። እንዲህ የተገዛን ፈንድ በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ በአንዱ ጋ በ60፣ በሌላው ጋ በ90 ቀን ውስጥ ከሸጣችሁ፣ 50 ዶላር የሚጠጋ ክፍያ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ይህ ገንዘብ ለብሮከሬጁ ነው የሚገባው። ቅድም ካየነው፣ ለቀሪዎቹ ባለድርሻዎች ከሚቀመጠው የፈንዱ ክፍያ የተለየ ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ ሊመጡባችሁ ይችላሉ። 500 ዶላር ብቻ ለገዛ ሰው 50 ዶላር አሥር በመቶ ነው፤ ልብ በሉ።

ሁለተኛው የግብር ሕግ ነው፤ ዋሽ ሴል የሚሉት። በኪሳራ ሸጣችሁ፣ ከሽያጩ 30 ቀን በፊት ወይም 30 ቀን በኋላ ያንኑ ወይም በጣም የሚመስለውን ከገዛችሁ፣ ያን ኪሳራ በዚያ ዓመት ግብር ከሚታሰብበት ገቢያችሁ ላይ መቀነስ አትችሉም። እዚህም 30 ቀን፣ እዚያም 30 ቀን ስለሆነ ሰው አንድ ይመስለዋል። አይደለም። አንዱ የፈንዱ ደንብ ነው፤ ሌላው የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤቱ፣ የአይ-አር-ኤስ ሕግ ነው። ፈንዱ ባይከለክላችሁም አይ-አር-ኤስ ኪሳራችሁን ሊያስቀርባችሁ ይችላል። ዲቪደንዳችሁ በራሱ ጊዜ መልሶ እየገዛ ከሆነ ደግሞ፣ ሳታስቡት በዚያ 30 ቀን ውስጥ ገዝታችሁ ትገኛላችሁ፤ የተገዛውን ያህል ኪሳራ ይነካባችኋል።

(ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንድ)

በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በፖስታ ቤት፣ በጦር ሠራዊት የምትሠሩ አድማጮች፣ ቲ-ኤስ-ፒ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ አላችሁ። እሱም ከ2008 ጀምሮ የራሱ ገደብ አለው። ያጠራቀማችሁትን ከአንዱ ፈንድ ወደ ሌላው እንደፈለጋችሁ ማዛወር የምትችሉት በአንድ የቀን መቁጠሪያ ወር ሁለት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ወሩ እስኪያልቅ የሚፈቀድላችሁ ወደ ጂ ፈንድ፣ የመንግሥት ቦንድ ወደያዘው፣ ማዛወር ብቻ ነው። መነሻው ያው ነው፤ ጥቂት ሰዎች በተለይ በውጭ አገር አክሲዮኖች ፈንድ እየገቡ እየወጡ ወጪውን በሌላው ላይ ያበዙት ነበር።

ለልጆቻችሁ ኮሌጅ 529 ፕላን የከፈታችሁ ደግሞ፣ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ የተቀመጠበትን የኢንቨስትመንት ምርጫ መለወጥ የምትችሉት ለአንድ ልጅ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አዲስ የምታስገቡትን ግን ወደፈለጋችሁት ማድረግ ትችላላችሁ። ይህኛው የፈንድ ደንብ ሳይሆን የግብር ሕግ ነው። ስለዚህ በጥር ወር በአንድ ወሬ ተደናግጣችሁ አንዱን፣ በየካቲት ሌላውን ከተጠቀማችሁበት፣ ልጃችሁ ኮሌጅ በምትገባበት መስከረም ላይ መለወጥ ብትፈልጉ አይቻልም ማለት ነው።

ለብሮከሬጃችሁ ስትደውሉ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ልንገራችሁና እንለያይ። እስክሪብቶ ያላችሁ ያዙ።

«ይህን ፈንድ ዛሬ ብሸጠው መልሼ መግዛት የምችለው ከስንተኛው ቀን ጀምሮ ነው?» በሉ። «ገደቡ የፈንዱ ነው ወይስ የእናንተ?» በሉ፤ አንዳንድ ብሮከሬጆች በፈንዱ ስምምነት የራሳቸውን ደንብ ስለሚጠቀሙ መልሱ ሊለያይ ይችላል። «ስሸጥ የሚቀነስብኝ ክፍያ አለ? የሚሄደውስ ለማን ነው?» ብላችሁ ጨምሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ወይም ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። የተነገራችሁን ቀን ጻፉት፤ ያነጋገራችሁንም ሰው ስም።

ከታገዳችሁም፣ እገዳው የሚያበቃበትን ቀን ጠይቃችሁ ያዙ። እስከዚያ ገንዘቡን በመኒ ማርኬት ማቆየት ትችላላችሁ፤ ሌላ ፈንድ ወይም ኢ-ቲ-ኤፍም መግዛት ትችላላችሁ። በኪሳራ ሸጣችሁ ከሆነ ግን ሌላውን ከመግዛታችሁ በፊት የግብር ባለሙያችሁን አማክሩ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)